ከሁሉ የባሰው የቴሌቪዥን ቀልድ

ለማስተማር ሸዋ ሮቢት ስመደብ ቴሌቪዥን ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ፒያሳ፣ የአንድ ሬዲዮ መሸጫ ሱቅ መስኮት ፊት ከተኮለኮለው ሕዝብ ኋላ ቆሜ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ፣ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ስቶ ሲወድቅ አየሁ። ወዲያው አውቶቡሴ መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሮቢት ግን ይኸም ብርቅ ነበር። አከራዬም፣ ጎረቤቶቼም፣ ተማሪዎቼም ሳይቀሩ ያንን የወደቀ ሰውዬ ደጋግመው ያስወሩኝ ነበር።

«ከዚያስ? ተነሣ?» ይሉኛል።

«እኔ እንጃ። አውቶቡሴ መጣብኝ።»

«ምናለ ትንሽ ብትቆዪ!»

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው፤ እኛ ግን ማብቂያ መሆኑን አናውቅም። ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ ቆላው አልወረደም ነበር። ወደ እኛ የሚወርዱት የደሴ መንገድ ሾፌሮች ብቻ ናቸው። ከላይ ከብርዱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ይመጡና የአከራዬ ሆቴል በር ላይ ሲደርሱ እያወለቁ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። አከራዬን እትዬ እላቸው ነበር፤ ከተማው ሁሉ እትዬ ነበር የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሆቴሉን ብቻቸውን የያዙ፣ ድምፃቸው ከወጥ ቤት እስከ መንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። እኔ ከግቢያቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር።

በክረምት መምህራን ሁሉ ወደየአገራቸው ሲበተኑ እኔና የሳይንስ መምህሩ ቀረን። ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ እንድናስተምር ታዘን ነው። ትምህርቱ ጧት ጧት ስለሆነ ቀትር ላይ ሥራ አልነበረንም። የሮቢት ሙቀት ደግሞ ክረምትም ቢሆን አይምርም፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ይወርድና እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጎርፉ ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ሥር እንሰበሰባለን። የጤና ጣቢያው ድሬሰርም በሽተኞቹን አዳርሶ ይመጣል። ድሬሰሩ የዚያው የይፋት ቆላ ልጅ ነው፤ ማሽላ ሲጠብቅ አድጎ፣ ተምሮ፣ መርፌ ይዞ የተመለሰ። ከተማው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አይቃወምም።

ነገሩን የጀመረው የሳይንስ መምህሩ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አጎቱ ቤት ቴሌቪዥን ስላለ እንደ እኔ በመስኮት ሳይሆን ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይቷል፤ ይህንንም ሳያስታውሰን አይውልም። አንድ ቀን እግሩን ዘርግቶ፣

«እነዚያ የሚያሳዩዋቸው ቀልዶች እኮ አያስቁም» አለ። «ከዚያ የባሰ ሊሠራ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«እኔ አለሁ» አለ ድሬሰሩ።

«ምን ልታደርግ?»

«ከዚያ የባሰ ልሠራ። ወላሂ፣ ሰው ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ወንዝ እስኪጥለው ድረስ የማይረባ ቀልድ እሠራልሃለሁ!»

እኔ ሳላስበው ብድግ አልኩ። «እኔ ደግሞ ካንተ የባሰ!» አልኩ። ለምን እንደዚያ ልቤ እንደዘለለ ዛሬም አላውቅም። ሕፃን ሆኜ ጥሩ እንድሠራ፣ በትምህርት ቤት ጥሩ እንድሠራ፣ ማሠልጠኛ ጥሩ እንድሠራ ስታዘዝ ኖሬያለሁ። ሆነ ብዬ መጥፎ እንድሠራ የጠየቀኝ ሰው ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ሕጉን እዚያው አወጣን። እያንዳንዳችን የቴሌቪዥን አስቂኝ ፕሮግራም እናስባለን፤ ሰው ካሳቀ ወድቋል፤ ማንንም ያላሳቀ ያሸንፋል። ዳኛም አገኘን። ከሆቴሉ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ ቀትር ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ከእኛ ጋር ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ የተቸገረን አይመልሱም፤ ፊታቸው ብቻ ለሳቅ አልተሠራም። ሲስቁ ያየ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

«ሐጂ፣ ዳኛ ይሁኑን» አላቸው ድሬሰሩ፤ ሕጉንም አስረዳቸው።

«ሰው ያሳቀ ይሸነፋል ነው የምትሉኝ?»

«አዎ ሐጂ።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «የተማረ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው።» ቀጥለውም ተስቢሃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «በሉ፣ ጀምሩ» አሉን።

የሳይንስ መምህሩ ቀደመ። አንድ ሰው ጀውሃ ለመሄድ አውቶቡስ ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል፤ ሌላ ምንም አይሆንም። በመጨረሻ አውቶቡሱ ይመጣል፤ ሞልቷል። «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይጠብቃል» አለ። ማንም አልሳቀም። ሐጂም፣ «ይህ መጥፎ ነው» ብለው መሰከሩለት፤ ደረቱ ተነፋ።

እትዬ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤት ሆነው ይሰሙ ኖሯል። ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላ እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «እኔም አለኝ! አንዲት ሴት ሽንኩርት ትልጣለች። ዓይኗ ያለቅሳል። ጎረቤት ይገባና ሰው ሞቶባት መስሎት አብሯት ያለቅሳል። ሌላው ይመጣል፤ ያለቅሳል። ነጠላ ዘቅዝቆ የሚመጣ አለ። ድንኳን ይተከላል። እሷ ማን እንደሞተ ግራ ገብቷት እያለቀሰች ትጠይቃለች። በቃ!»

ድሬሰሩ ከመቀመጫው ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እትዬ ተናደዱ። «ምን ያስቅሃል አንተ! እኔ መጥፎ ብዬ ነው እኮ የነገርኳችሁ!» ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ወደቁ።

ድሬሰሩ ደግሞ የወባ ትንኝ አመጣ። ትንኟ የጨዋ ልጅ ናት፤ ሰው ሳታስፈቅድ አትነክስም። በየሳምንቱ አንድ ጋሼ ሊተኙ ሲሉ ትመጣና፣ «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ቤተሰብ ደኅና ነው? አያስቀይሙኝ እንጂ ትንሽ ብቻ ከክንድዎ…» ትላለች። እሳቸውም ይሉኝታ ይይዛቸውና እጅጌያቸውን ይሰበስቡላታል። የሳይንስ መምህሩ ሊታገሥ ሞከረ፤ ጉንጩ ተነፋ፤ ፈነዳ። ድሬሰሩም ወደቀ።

እኔ ግን የሚሆን ነገር አጣሁ። ቀናት አለፉ። ጎልማሶቹን «ሀ ሁ» እያስቆጠርኩ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ገበያ ስሄድ አስባለሁ፤ ልብሴን ሳጥብ አስባለሁ። ጥሩ ነገር ለማሰብ እንኳ እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም። ከዚያ አንድ ጧት፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱን ፊደል አጋምሼ ሳለሁ መጣልኝ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እንዴት እንደቆየሁ! እንዳለቀ ጠመኔው በእጄ እንዳለ መንገዱን በሩጫ አቋረጥኩ። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ ሾፌሩ ሰደበኝ መሰለኝ፤ አልሰማሁትም።

«አገኘሁ!» አልኩ ማንጎው ሥር ደርሼ። «ባልና ሚስት አሉ። አልተጣሉም። በጣም ይዋደዳሉ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ይመጣሉ። አልተጣላንም ይላሉ። ሽማግሌዎቹ አንሄድም ይላሉ። ይኸው ነው።»

ሐጂን አየኋቸው። ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ዓይናቸው ግን ሩቅ ሄዷል።

«ይህ እኔ ቤት ሆኗል» አሉ ቀስ ብለው። «ዘመዶቼ ከማጀቴ ከተማ ድረስ በበቅሎ መጥተው ካልተጣላኋት ሚስቴ ጋር አስታርቀውኛል። አንድ ሰው ተጣሉ ብሎ አውርቶ ነው። አልተጣላንም ብንል ይደብቃሉ አሉን። ምሳ በሉ፤ ቁጭ አሉ። እራት ሊሆን ሆነ። ምን እናድርግ? ታረቅን።»

ድሬሰሩ ከንፈሩን ነከሰ። የሳይንስ መምህሩ ፊቱን ወደ ማንጎው ግንድ አዞረ። በአክብሮት ማንም አልሳቀም።

«አንቺ አሸንፈሻል፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ይህ ከአውቶቡሱም የባሰ ነው፤ ምንም አያስቅም።»

በደስታ ማንጎው ሥር ዘለልኩ። ከሮቢት እስከ ጀውሃ የእኔን የመሰለ የማይረባ ሐሳብ ያለው ሰው የለም!

ጎርፉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ደጋው ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የጀውሃ ወንዝ መንገዱን ዘጋው፤ ወደ ደሴ የሚሄዱ መኪኖች ሁሉ ሮቢት ላይ ተደረደሩ። እሑድ ነበር። እትዬ ግቢ በሾፌርና በመንገደኛ ሞላ። ከነዚያ ውስጥ ኮሮጆ የሚያህል ሆድ ያላቸው የደሴ ነጋዴ አንድ ትልቅ ካርቶን ከጭነት መኪና አስወርደው፣ ጥላ አስይዘው፣ ማንም እንዳይነካባቸው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አሏቸው እትዬ።

«ቴሌቪዥን ነዋ!» አሉ ነጋዴው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

የሆነውን መግለጽ አልችልም። አንድ ሰው ለሌላው፣ ያም ለሌላው፣ ወሬው ከተማውን ዞሮ ወደ ቀወት መንደሮች ወጣ። እትዬ ጄነሬተር ነበራቸው፤ ገና ፀሐይ ሳለች አስነሡት። ነጋዴው አዲስ አበባ ሲገዙ «አንቴናው ከፍ ካለ የትም ይይዛል» ተብለዋል፤ ስለዚህ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ አስረን ጣራው ላይ አቆምነው። ከቤተ ክርስቲያን የወጡ፣ ከዓስር ሶላት የተመለሱ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ከማሳ ማረሻ ሰቅለው የመጡ፣ ግቢውን ሞልተው አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። ስለ ወደቀው ሰውዬ ሲጠይቁኝ የኖሩት ሁሉ እኔን እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ አስተማሪዋ ያየችውን ዛሬ ሊያዩ ነው።

ነጋዴው ቁልፉን አዞሩ። ቴሌቪዥኑ በራ። ሕዝቡ «እ!» አለ።

ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚመስል ነጭና ጥቁር ይርመሰመሳል። ሽሽሽ ይላል። ሌላ ነገር የለም።

መጀመሪያ ማንም ቅር አላለውም። አንዲት አሮጊት፣ «አዲስ አበባ እየዘነበ ነው» አሉ። «ከባድ ዝናብ ነው እንጂ» አለ ሌላው። ሁሉም በጸጥታ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ። አላባራም። ነጋዴው አንቴናውን «ወደ ግራ! ወደ ቀኝ!» ያስዞራሉ፤ ላብ አጠመቃቸው። ቆይቶ ከኋላ አንድ ሾፌር፣ «ጋሼ፣ ጉንዳን ነው የሸጡልዎት?» አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዳንዱ ተነሣ። ነጋዴው ቁልፉን መልሰው ዘግተው፣ ፊታቸውን በመሐረባቸው ሲሸፍኑ አየሁ፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ።

ድሬሰሩ ክንዴን ያዘኝ። «ያንቺን እንሥራው!»

«የቱን?»

«ያሸነፈውን!»

«አብደሃል? እሱ እኮ አያስቅም!»

«ባያስቅስ? ከጉንዳኑ ይሻላል!»

ከሆቴሉ ምግብ የሚወጣበት ሰፊ መስኮት ወደ ግቢው የሚከፈት ነው። ድሬሰሩ እኔንና የሳይንስ መምህሩን ገፋፍቶ ወደ ውስጥ አስገባንና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ወደ ግቢው ዞሮ፣ «ቴሌቪዥን ጀመረ! ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ሚስት ሆንኩ። የሳይንስ መምህሩ ባል ሆነ። ድሬሰሩ የእትዬን ጋቢ ደርቦ፣ ምርኩዝ ይዞ ገባ።

«ቤቶች! ተጣልታችኋል ተብለን መጣን።»

«አልተጣላንም» አለ የሳይንስ መምህሩ።

«ሳናስታርቅ አንሄድም።»

ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ማናችንም አላሰብንም ነበር። «ምስኪን፣ ምን አድርጓት ይሆን?» ስትል አንዲት ሴት ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሐል ሐጂ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። በሩን ዞረው ገቡና መስኮቱ ላይ፣ ከድሬሰሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቆባቸውን አስተካከሉ።

«የት ደርሳችኋል?» አሉት።

«የትም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አደረገሽ፣ ልጄ?»

«ምንም አላደረገኝም፣ ሐጂ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቀስ ብለው ወደ ባልየው ዞሩ። «ሰማህ? ምንም አላደረግህላትም!»

ግቢው ፈነዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሐጂ ግን ፊታቸው ንቅንቅ አላለም፤ የከበደ ጉዳይ እንደያዘ ሰው ጠበቁና ቀጠሉ። «ቀሚስ ገዝተህላታል?»

«ሐጂ፣ ልብስ እኮ አላት…»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ሱቄ አጠገብህ ነው። አንድ ቀን እግርህ ረግጦታል?»

«ምንም አላደረገላትም!» ብለው ሴቶቹ ተንጫጩ። «እሷስ? እሷ ምን አደረገችለት?» አሉ ሾፌሮቹ። «ዝም በል አንተ!» «አልልም!» ግቢው ለሁለት ተከፈለ። እኔም እሳቱ ያዘኝ፤ የማላውቀው ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወገቤን ይዤ ወደ ሳይንስ መምህሩ ዞርኩና፣ «እውነት ነው! ጧት ማታ ስለ አጎትህ ሶፋ ነው የምታወራልኝ! አንድ ቀን እንዴት ዋልሽ ብለኸኛል?» አልኩት። እሱም፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ታስጨርሺኛለሽ!» አለ። ተፋጠጥን። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «አልሐምዱሊላህ! አሁን ተጣላችሁ። አሁን ማስታረቅ ይቻላል።»

ከዚያ ወዲያ የተባለውን ማንም አልሰማም። ነጋዴው ካርቶናቸውን አቅፈው ይስቃሉ፤ ያ በጉንዳን የቀለደው ሾፌር ሰው ትከሻ ላይ ተደግፎ ይስቃል። በማግስቱ ወንዙ ጎደለና መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ ነጋዴው አንገታቸውን አውጥተው፣ «ደሴም የሚይዘው ጉንዳኑን ብቻ ከሆነ ተመልሼ እናንተን ነው የምጭን!» አሉን። እንዳሉት ግን አልሆነም፤ አልተመለሱም።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠራው ሰዉ መጣ። እኛ ደግሞ ኮርተናል፤ አሁንማ ጥሩ እንሥራ አልን። የሳይንስ መምህሩ አጎቱ ቤት እንዳየው ዓይነት፣ ሁለት ሻንጣ የሚለዋወጡበት በደንብ የታሰበ ቀልድ አዘጋጀ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድን። ሰዉ በጨዋነት ተመለከተን። ድምፅ የለም። አንድ ሽማግሌ፣ «ሻንጣው ላይ ስም ቢጽፉበት ምናለ?» ብለው መከሩን። እትዬ ከወጥ ቤት፣

«ኧረ የማይረባውን አምጡልን!» ብለው ጮኹ።

ድሬሰሩ ጊዜ አላጠፋም። ሁለት ትልልቅ የሙዝ ቅጠል ክንዱ ላይ አስሮ ትንኝ ሆኖ ገባ። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?» ሲል ብቻ ግቢው ተንፈራገጠ፤ በወባ ያልተንቀጠቀጠ ሰው በዚያ መካከል አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «ዶክተር፣ ያቺ የጨዋ ልጅ መጣችብኝ» ይሉት ጀመር። እሱም፣ «አስፈቅዳለች?» ይላቸዋል፤ በሽተኞቹ እየሳቁ ክንዳቸውን ለመርፌ ይሰጡታል።

ክረምቱን እንዲህ ገፋነው። የእትዬን የሽንኩርት ለቅሶ ሠራን፤ ሽንኩርቷን የላጡት ራሳቸው እትዬ ናቸው፤ ከመንደር የመጡ ሴቶች እውነት መስሏቸው ደረት ሊመቱ ተነሡ። አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰውዬም ሠራን፤ ያ ግን በእውነት መጥፎ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። የሳይንስ መምህሩ ብቻ ደስ አለው። ሐጂ ሁሉም ላይ ነበሩ። አንድም ጊዜ ጥርሳቸውን አላየንም፤ ግን እሑድ ሲያበቃ ወደ ሱቃቸው እየሄዱ፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ማን ነው የሚታረቀው?» ይሉን ነበር።

መስከረም ሲጠባ ድሬሰሩ ወደ ሰሜን ተዛወረ። እኔና የሳይንስ መምህሩ መናኸሪያ ሄደን ሸኘነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሊሄድ ሲል ድሬሰሩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ «ቆይ! ቆይ! አንድ አዲስ መጣልኝ! ከሁሉም የባሰ!» አለ። «አንድ ሰው ግመል ይገዛል። ግመሏ ግን…»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አብረነው ሮጥን። አፉ ሲከፈት፣ እጁ ሲወራጭ ይታየናል፤ ሞተሩ ግን ቃሉን ዋጠው። አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ ይናገር ነበር።

«ግመሏ ግን ምን?» አለ የሳይንስ መምህሩ እያለከለከ።

«አላስቅም ትላለች» አልኩት።

«አይደለም! ግመሏ ትዳር አላት!»

«ግመሏ ከሱ በፊት ባል ነበራት!»

«እና ሊያስታርቁ ይመጣሉ!»

በዚያ ሙቀት፣ መንገዱን ሙሉ፣ እየተቋረጥንና እየጮኽን ተከራከርን፤ ሰው ዞሮ ያየናል። እውነት ተጣልተን የመሰላቸውም ነበሩ።